በወፏ እግር ላይ ቀይ ክር

እትዬ አሰለፈችን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ጓሯቸውን ነው የማሳየው። ደብረ ታቦር ውስጥ የእሳቸውን ቤትና የእኔን ጠላ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነበር፤ አጥር ከተባለ። ግራዋና እንዶድ ተጠላልፎ የበቀለበት፣ ዶሮ እንኳ የማያግድ ነገር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጥቂት ጌሾ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ከጥጉ ደግሞ ከአልጋ ብዙ የማይሰፋ የገብስ መደብ አለ። እትዬ አሰለፈች እግሩ የላላ በርጩማቸውን መደቡ አጠገብ አስቀምጠው፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ ወፍ ሲያዩ ነው የሚውሉት። ሌላው ሰው ከዘመዱና ከጎረቤቱ ይጣላል፤ እሳቸው የሚጣሉት ከወፍ ጋር ነበር።

«ሂጂ ወዲያ አንቺ ሌባ። ትናንትም አንቺው ነሽ» ሲሉ እሰማለሁ።

እኔም ሥራ ፈት አይደለሁም፣ ግን ነገር ሲኖር ጆሮዬ አያስቀምጠኝም። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ «እትዬ፣ ከማን ጋር ነው የሚሟገቱት?» እላለሁ።

«ከዚች ቡላ ጋር ነዋ። ገብሴን ጨረሰችው። አንቺም ፈንቴ፣ ከመሳቅ አንድ ድንጋይ ብትወረውሪ ምን አለበት?»

ድንጋይ ከመደባቸው ሥር ተከምሮ ይቀመጥ ነበር። ሲወረውሩ አንድም ቀን ወፍ መትተው አያውቁም፤ ሁለት ጊዜ ግን የእኔን ጋን መትተዋል።

ቡላ የሚሏት ያችን አቧራ የመሰለች፣ ማንም ልብ የማይላት ትንሽ ወፍ ነው። እትዬ አሰለፈች ወፍን ሁሉ በሁለት ይከፍሉ ነበር፤ አንደኛዋ ቡላ፣ ሁለተኛዋ የመስቀል ወፍ። ቡላ ሌባ ናት፣ የመስቀል ወፍ እንግዳ ናት። ዓመት ሙሉ ቡላዋን በድንጋይ ያባርሩና መስከረም ሲጠባ ያቺ ጥቁር ለብሳ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ጣል ያደረገችው ስትመጣ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ብትፈልግ መደቡን እንዳለ ትብላው። «የእግዚአብሔር እንግዳ ናት፣ እንዴት በድንጋይ ይሏታል?» ይላሉ።

እኛስ ብንሆን? የመስቀል ወፍ በዓመት አንዴ መጥታ የምትሄድ ናት ብለን ነው ያደግን። የት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም። ከአንበሳሜ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ ሱዳን ትሻገራለች ይላል፤ ካህናቱ ኢየሩሳሌም ናት የምትከርመው ይላሉ። ጠፍቶ ጠፍቶ ብቅ ያለን ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» ብለን አሽሙር የምንወረውረውም በዚህ ነው።

እትዬ አሰለፈች ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ደሳለኝ። ዝም ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው፣ እንደ እናቱ ቆሞ ማየት የሚወድ ልጅ ነበር። በ1977 መጋቢት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተባለና ከእኩዮቹ ጋር በመኪና ተጭኖ ሄደ። ሠላሳ ወር ነው አሉ። እትዬ አሰለፈች ከፈትላቸው አንድ ክንድ ክር ቆርጠው ምሰሶው ላይ ሰቀሉ። ወር በገባ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥሩበታል። ሠላሳኛው ቋጠሮ የሚውለው በ1980 እንቁጣጣሽ ነበር። እኔ ክሩን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የእገሌ ልጅ ሠላሳ ወሩ ሞልቶ አልለቀቁትም፣ የእገሊት ልጅ ደብዳቤ ከላከ ዓመቱ ነው ሲባል እየሰማሁ እንዴት አይባባ?

በ1979 ሰኔ ላይ ግን ደሳለኝ መጣ። ግራ እጁ ቆስሎ ሁለት ጣቱ አይታጠፍም፤ ከሆስፒታል ሲወጣ ዐሥር ቀን ሰጥተውት ነው። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ያ ድምፅ የሌለው ሳቁ ብቻ ነው የቀረው። እትዬ አሰለፈች ዐሥሩን ቀን ሙሉ እንዝርት አልነኩም።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጓሮ ተቀምጠን እሳቸው እንደ ልማዳቸው ለቡላዋ ድንጋይ አነሱ። ደሳለኝ እጃቸውን ያዘ።

«እማ፣ ተያት። የመስቀል ወፍ እኮ ናት።»

«ይቺ? ልጄ ዐይንህንም መቱህ እንዴ?»

«እሷው ናት። የትም አትሄድም። ልብሷን ነው የምትለውጥ። ክረምቱን ዘብ ስቆም ከፊቴ ማሳ ነበር፣ ቀን በቀን ሳያት ከረምኩ። መጀመሪያ ትከሻዋ ቢጫ ያወጣል፣ ከዚያ ደረቷ ይጠቁራል፣ መስከረም ሲገባ ጨርሳ ትለብሳለች። መስቀል አልፎ ሲሰነብት ደግሞ ታወልቀዋለች። ዓመቱን ሁሉ በድንጋይ ስትያት የኖርሽው እሷን ነው።»

እትዬ አሰለፈች ሳቁ፤ ቀጥለው ተቆጡ። ያን ሁሉ ዓመት ዐይናቸው ሲያይ የኖረውን ትናንት የተወለደ ልጅ ሲያርማቸው ማን ደስ ይለዋል? እኔም ዝም አላልኩም፤ «ጦር ሜዳ ልከንህ ወፍ ስትቆጥር ከረምክ?» አልኩት። ሳቀብኝ።

በማግስቱ ወንፊቴን ተዋሰኝ። በእንጨት አቁሞ፣ ከሥሩ ገብስ በትኖ፣ እንጨቱ ላይ ያሰረውን ገመድ ይዞ ከጌሾው ኋላ ተደበቀ። እኩለ ቀን ሳይሆን አንዲት ቡላ ያዘ። እትዬ አሰለፈች ከጥለት የተረፈ ቀይ ክር አመጡለት። ጣቶቹ ስለማይታዘዙት ወፏን እሱ ያዘ፣ ክሩን እግሯ ላይ ያሰሩት እናቱ ናቸው። እስከዚያ ቀን ወፍ በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር።

«በይ ለእንቁጣጣሽ እያት» አለ ደሳለኝ። «ጥቁርና ቢጫ ለብሳ ቀይ ክሩን እግሯ ላይ ካገኘሽው እኔ ረታሁሽ። ሁለተኛ ቡላን በድንጋይ አትያትም።»

«ካላገኘሁትስ?»

«ካላገኘሽው አንቺ ረታሽ። መስከረም ስመጣ ይኸን አጥር አፍርሼ አዲስ አጥርልሻለሁ።»

«ጉድ እኮ ነው። ብትረታም ብትሸነፍም አጥሩንማ ታጥራለህ» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«እሽ፣ ብረታም ብሸነፍም አጥራለሁ።»

ወፏን ለቀቃት። በሳምንቱ እሱም ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ከመደቡ ሥር የነበረው የድንጋይ ክምር ጠፋ። ራሳቸው ለቅመው ውጭ ጣሉት። ቡላዎቹ ይኸን ያወቁ ይመስል በቡድን እየመጡ ገብሱን ይግጡት ጀመር። «እትዬ፣ መደቡ ገለባ ሊሆን ነው» ስላቸው «ዝም በይ፣ ልይበት» ይሉኛል። የእያንዳንዷን እግር ነው የሚያዩት። በሐምሌ ዝናብ ጆንያ ተከናንበው ጓሮ ሲቀመጡ መንገደኛው ሁሉ አበዱ እያለ ነው የሚያልፈው። ግን አላበዱም። አንድ ቀን ነገሩን ቁጭ ብለው እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦

«ክሩን ካየሁት ልጄ እውነቱን ነው ማለት ነው። በዚህ እውነቱን ከሆነ፣ እመጣለሁ ባለውም እውነቱን ነው። ደሳለኝ አንዱን እውነት አንዱን ውሸት አይናገርም።»

እንዲህ ያለ ነገር በክርክር አይፈታም። እሺ አልኳቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ሳላስበው የወፍ እግር ማየት ጀመርኩ።

ነሐሴ ሲገባ አንድ ጥዋት በአጥሩ ጠሩኝ። ባለ ክሯ መጥታለች። ትከሻዋ ላይ ትንሽ ቢጫ ነገር አለ፤ እኔ ቆሻሻ የነካት መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን «ጀመራት ፈንቴ፣ ጀመራት» እያሉ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ይነክሳሉ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም። ከዚያ በኋላ ግን ወፏ ጠፋች። ቡሄ አለፈ፣ ፍልሰታ ተፈታ፣ አልመጣችም።

ነሐሴ ሃያ ቀን፣ አንድ ሰው ክራንች ተደግፎ ቤቴ ገባ። ወጣት ነው፣ የወታደር ሸሚዝ ለብሷል። ጠላ ቀዳሁለት፣ አልነካውም። ስሙ አለሙ ነው፣ አገሩ ከጉና ተራራ ማዶ ነው። የወይዘሮ አሰለፈችን ቤት ጠየቀኝ።

«ለምን ፈለግሃቸው?» አልኩት። አይቼው ልቤ አውቆታል፤ ግን መጠየቅ አለብኝ።

አንገቱን ደፋ። የወደቀው ሐምሌ አምስት ነው አለኝ። አጠገቡ ነበር። ደሳለኝ አልተሰቃየም አለኝ፤ ለሁሉም እናት እንዲህ ማለትን ይማሩት እንደሆነ እንጃ፣ ግን አመንኩት።

ወደ እትዬ አሰለፈች በር አላስኬድኩትም። ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ዘውዱ ይዤው ሄድኩ። ቄስ ዘውዱ ሰምተው «ዓመቱ ሳይለወጥ አናረዳም» አሉ። አገሩ እንዲህ ነው። ሰው በዓል እየጠበቀ መርዶ አይነገረውም። በዓሉ ይለፍለት፣ ከዚያ ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ በጎሕ ሄዶ ያረዳዋል። እንቁጣጣሽ ቅዳሜ ነው፣ እሑድ ሰንበት ነው፤ ስለዚህ ሰኞ፣ መስከረም ሦስት ጥዋት ተባለ። አለሙን ማደር ትችላለህ አልነው። «እናቴ መምጣቴን አላወቀችም፣ ልሂድላት» አለና በዚያች ክራንች ወደ ጉና መንገድ ወጣ። ሳየው አለቀስኩ፤ ቀናሁ ብል ይሻላል፣ ስለ እትዬ አሰለፈች ብዬ በእናቱ ቀናሁ።

እንግዲህ እኔን አስቡኝ። ነገር የማያድርባት ወንፊት ሆዴን ይዤ፣ ከእሳቸው ጋር አንድ አጥር ተጋርቼ ሃያ ቀን። ጥዋት ጥዋት «ፈንቴ፣ ባንቺ በኩል አላለፈችም?» ይሉኛል። «አላየሁም እትዬ» እላለሁ። ይኸ ብቻ ነበር ከአፌ የሚወጣው እውነት።

የባሰው ገና ነው። ለቀስተኛ የሚቀምሰው ያስፈልጋልና የእድራችን ሴቶች እኔ ቤት ተሰብስበን የቆሎ ገብስ መልቀም ጀመርን። ከመካከላችን አልማዝ በሩን ዝጊው ብትለኝ፣ ጭሱ ያፍነናል ብዬ ገርበብ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ ይኸ የእኔ ጥፋት ነው። እትዬ አሰለፈች የራሳቸውን ሰፌድ ይዘው ገቡ።

«ምነው፣ እኔን ሳትጠሩኝ? አሮጊት ናት ብላችሁ ነው?» አሉና ቁጭ ብለው ጠጠሩን ይለቅሙ ጀመር። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ከሁላችን ይቀድማሉ። ትንሽ ቆይተው ቁናውን አዩት። «ይኸ ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ነው? ሠርግ ያለብን አስመሰላችሁት እኮ።»

«ለበዓል ነው» አለች አልማዝ ቶሎ ብላ።

«ይሁን፣ ይሁን። የተረፈው ለደሳለኝ መምጫ ይሆናል» አሉ።

አልማዝ ውኃ ላምጣ ብላ ወጣች፣ አልተመለሰችም። እኔ ጭሱ ነው እያልኩ ዐይኔን ጠራረግኩ። እትዬ አሰለፈች የገዛ ልቅሷቸውን ቆሎ ለቅመው ጨርሰው፣ ሰፌዳቸውን አራግፈው ሄዱ።

ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ሆነች። ይችን አንድ ቀን እንዴት እንደተናደዱባት አልነግራችሁም። «ሠላሳኛዬን ልቋጥር ስል ቀን ይጨምሩብኛል?» እያሉ ምሰሶው ሥር ቆመው ያጉረመርማሉ። እኔ ግን በሆዴ ምነው ሰባትም ስምንትም በሆነች እላለሁ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው መጡ፣ ደጃፌ ላይ ጎዘጎዙልኝ። ከዓመት ዓመት አድርሶን እንደተባባልን «አንቺ ምን ተመኘሽ ዘንድሮ?» አሉኝ።

«የቀበሌ ስብሰባ እንዲቀንስልኝ ነው የተመኘሁ» አልኩ።

ሳቁ። «እኔ አጥር» አሉ። «አጥር ብቻ። እንጨቱን ካሁኑ አስቆርጣለሁ።» ሠላሳኛውን ቋጠሮ በዚያን ዕለት ጥዋት ቋጥረውት ነበር። ወፏ ግን አልመጣችም፤ ሌሎች ሁለት የመስቀል ወፎች መጥተው እግራቸው ባዶ ነው። ከሰዓት ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። «ረታሁት መሰለኝ ፈንቴ» አሉኝ፤ መርታት እንዲህ ሲያስከፋ አይቼ አላውቅም።

እውነቱን ልናገር፣ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ወንፊቴን አንሥቼ በእኔ በኩል ገብስ በትኜ ነበር። አንዷን ይዤ ቀይ ክር ላስርባት። ለአንድ ቀን ደስ ይበላቸው፣ ኃጢአቱን እኔ ልሸከም ብዬ ነው። እስኪመሽ ተደብቄ የያዝኩት የራሴን ዶሮ ነው።

ሰኞ ገና ሊነጋጋ ሲል ቄስ ዘውዱ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ከሽማግሌዎቹ፣ ከአልማዝና ከእድሩ ሰዎች ጋር ስምንት ነበርን። ነጠላችንን ለሐዘን አዘቅዝቀን፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገን ለብሰናል። ይኸን አለባበስ በጎሕ ደጁ ላይ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ወጉ እንደሚያዘው በሩ ላይ ቆመን ልንጠራቸው ስንል በሩ ክፍት ነው፣ ቤቱ ባዶ ነው። በጓሮ ዞርን።

ጀርባቸውን ሰጥተውን በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራችንን ሰምተው ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ቀስ በሉ። ትበርብኛለች» አሉ በሹክሹክታ።

ከገብሱ መደብ ካንዲት የተረፈች ዘለላ ላይ ወፏ ተቀምጣለች። ከራሷ እስከ ጅራቷ ጥቁር ናት፣ ጀርባዋና ትከሻዋ የአደይ ቢጫ ነው። ዘለላዋ ስትወዛወዝ እግሯ ይታያል። ክሩ ደብዝዟል፣ አንዱ ጫፉ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል፤ ግን ቀይ ነው።

«ፈንቴ፣ አንቺ ነሽ? ነይ እግሯን እይልኝ። ዐይኔ እንዳያታልለኝ።»

ጠጋ አልኩ። «አየሁት እትዬ» አልኩ።

«ክሩ ነው?»

«ክሩ ነው።»

«ራሴ ያሰርኩት?»

«ራስዎ ያሰሩት ነው።»

እየሳቁ ዞሩ። ለሁላችን ሊያሳዩን ነው የዞሩት፤ አፋቸው ተከፍቷል። ከዚያ ነጠላዬን አዩ። ከእኔ አልፈው የአልማዝን አዩ፣ የሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ቄስ ዘውዱ እጅ ላይ መስቀሉ ጋ ሲደርሱ ዐይናቸው ቆመ። ቄስ ዘውዱ አንድ እርምጃ ተራመዱ፣ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

እትዬ አሰለፈች ጣታቸውን አነሡ።

«ቆዩ፣ አባቴ» አሉ። «እስክትበር ቆዩ።»

ፊታቸውን መልሰው ወደ ወፏ አዞሩ። በወጉ ይኸኔ ለቅሶው መውጣት ነበረበት። ግን ስምንታችንም እርጥብ ሣር ላይ፣ ጤዛው እግራችንን እያራሰው ቆምን። ማንም አልሳለም። ወፏ አልቸኮለችም። ያችን ዘለላ ፍሬ በፍሬ ለቀመቻት፣ ምንቃሯን በአገዳው ጠረገች፣ ከዚያ ከጌሾው በላይ ተነሥታ አጥሩን ተሻገረችና በጉና በኩል ሄደች። እትዬ አሰለፈች እስክትጠፋ አዩዋት።

ከዚያ ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አራገፉት፣ ጥለቱን ፈልገው ይዘው ራሳቸው አዘቀዘቁት።

«ረታኝ» አሉ። «በሉ አሁን ንገሩኝ።»